ለፀጋዬ፣ ዳላስ

ባርናባስ እናቱ ሊመጡ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ፕሮግራም አወጣ። ልጁ እንዲያ ነው፤ ጉንፋን ቢይዘው እንኳ የሚያስልበትን ሰዓት ጽፎ የሚለጥፍ ነው። በኮምፒውተር ጽፎ፣ ላይብረሪ አትሞ፣ አንዱን የራሱ በር ላይ፣ አንዱን የእኔ ፍሪጅ ላይ ለጠፈው። ሰኞ ዳውንታውን፣ ያቺ አናቷ ላይ ኳስ የተሸከመች ታወር። ማክሰኞ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ሞል። ረቡዕ ፎርት ወርዝ፣ እነዚያ ቀንዳቸው የቴሌ እንጨት የሚያክል በሬዎች አስፋልት ላይ ሲነዱ ማየት። ሐሙስ እረፍት። አርብ፣ በቀይ ቀለም፣ «ፕሮጀክት፤ ከ1 እስከ 4»።

«ሐሙስ የሚያርፉት ከምንድን ነው?» አልኩት። «ከማየት?»

«እትዬ ዓለምሸት፣ አትቀልጂ። ሹፌሯ አንቺ ነሽ።»

ሹፌር መሆኔን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

እኔ ከታች፣ እሱ ከላይ፣ በአንድ ደረጃ ሁለት ዓመት ተጎራብተናል። ሰፈራችን ሌክ ሃይላንድስ እንደኛ ያለ አፓርትመንት ሞልቷል፤ ፊት ለፊት ሶማሌ፣ ጎን የበርማ ሰው፣ ከላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጎራደድ የሚያድር ተማሪ። እኔ ንጋት ላይ በአራት ሰዓት ኤርፖርት ገብቼ የአውሮፕላን ምግብ ትሪ ላይ ስደረድር ቆይቼ እኩለ ቀን ላይ እወጣለሁ። ሰዓት የምናገረው በአሜሪካው ነው፤ ሁለቱን ማቀላቀል ከጀመርኩ እናንተም እኔም እንጠፋለን። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ከኢሚግሬሽን ደብዳቤ ሲመጣልኝ ባርናባስ ያነብልኛል፣ ፎርሙን ይሞላልኛል። እኔ ደግሞ ሆዱን እሞላለሁ። ነገሩ ለማን እንደሚያደላ የልጁን ጉንጭ ያየ ያውቀዋል።

ቀዩ ቀለም ለምን እንደሆነ የነገረኝ ሽሮ እየበላ ነው።

«እማዬ የምማረውን አታውቅም» አለ። «ሰው ሲጠይቃት ‹ኮምፒውተር ነገር› ትላለች። አራት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ነገር። ምረቃዬ ሜይ ነው፤ ያኔ ተመልሳ መምጣት አትችልም። ሶ፣ የሠራሁትን በዓይኗ የምታየው በዚህች አርብ ብቻ ነው። ታወሩም፣ በሬውም ቢቀር ይቅር። አርብ ግን መቅረት የለባትም።»

የሠራው ነገር የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ሣጥን ናት። ገጠር ክሊኒክ ውስጥ ክትባት የሚቀመጥበት ፍሪጅ ሲሞቅ፣ ሣጥኗ አውቃ ለነርሷ ስልክ መልእክት ትልካለች። ሁለት ፈረንጅ ልጆች አብረውት ሠርተዋል፤ ሐሳቡ ግን የእሱ ነው። አርብ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ሰሌዳ አቁመው ለሚመጣው ሰው ሁሉ ያስረዳሉ። ይህንኑ ለእናቱ በአማርኛ ሊነግራቸው በእኔ ኩሽና፣ በእኔ ፍሪጅ ላይ ይለማመድ ጀመር። በእንግሊዝኛ ሲሆን እንደ ቧንቧ ይወርድለታል። በአማርኛ ሲሆን በየመሀሉ ቆሞ እኔን ያየኛል።

«ሴንሰርን ምን ልበለው?»

«ስምንተኛ ክፍልን ነው የምትጠይቀው? ሙቀት የሚያሸት በለዋ።»

በልምምዱ ፍሪጄ ሲከፈት ሲዘጋ ሰንብቶ አንድ ጋሎን ወተት ተበላሸብኝ። ሣጥኗ ግን ለማንም መልእክት አልላከችም።

እናቱ እትዬ ከበቡሽ እሑድ ገቡ፤ ኤርፖርት ተቀበልናቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ልጃቸውን አቅፈው ጸለዩለት፤ መንገደኛው ሁሉ ጋሪውን እየገፋ ዞሮን ሄደ። ከዚያ እኔንም አቅፈው፣ «ልጄን ያበላሽልኝ አንቺ ነሽ? ተባረኪ!» አሉኝ። ሁለት ሻንጣ ይዘዋል፣ እያንዳንዱ መተንፈሻ እስኪያጣ ድረስ የተጠቀጠቀ። ባርናባስ እያነሣ፣ «እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ለእኔ?» ይላል፤ ፊቱ በርቷል።

ቤት ገብተው ሻንጣው ሲከፈት ግን የእሱ ስም ያለበት አንድም ነገር የለም። አሥራ ስምንት ጥቅል ነው የወጣው። አንዱ በላስቲክ፣ አንዱ በጋዜጣ፣ አንዱ በጨርቅ፤ ከአንዷ በቀር በእያንዳንዱ ላይ ስምና ስልክ ቁጥር ተጽፏል። የሁሉንም ዝርዝር በደብተር መዝግበው ይዘዋል።

«የእኔስ?» አለ ባርናባስ።

«ያንተማ እኔ ነኝ። መጣሁልህ አይደል?»

የጎረቤት አደራ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው አደራ፣ የአክስት አደራ። አሜሪካ እሄዳለሁ ያለ ሰው ሻንጣው የራሱ አይደለም፤ ይህን ማንም ያውቃል። ባርናባስ ወዲያው መላ አመጣ።

«ኦኬ፣ ቀላል ነው። ለሁሉም ኮል አደርጋለሁ፤ መጥተው ይወስዳሉ።»

እትዬ ከበቡሽ መነጽራቸውን አደረጉ። «ስማ፣ የእኔ ልጅ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ስሠራ ደብዳቤ ሣጥን ውስጥ ስከት ነው የኖርኩት። ቁልፍ ያለው መጥቶ ይወስዳል። አንድም ቀን ሰው ደብዳቤው ደርሶት ፊቱ ምን እንደሚሆን አላየሁም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ፊት ማየት እፈልጋለሁ። መጀመሪያ አደራ፣ ከዚያ ሽርሽር።»

በዚህ ንግግር ፕሮግራሙ ሞተ። ቀብሩ ሰኞ ተጀመረ።

ሰኞ ባለ ኳሷን ታወር ከሃይዌይ ላይ አሳየናቸው። ባርናባስ በመስኮት እየጠቆመ፣ «ያቻትልሽ! እላይዋ ላይ ሬስቶራንት አለ፣ ይሽከረከራል» ሲል፣ እሳቸው ደብተራቸውን እያዩ «ከዚህ በኋላ የማን ቤት ነው?» ይላሉ። ሦስት ቤት ገብተን ሦስት ጊዜ ምሳ በላን። አደራ አድርሶ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ማክሰኞ በበረዶው ሞል ፋንታ ፕሌኖ ሄደን አራስ ጠየቅን። ረቡዕ በበሬዎቹ ፋንታ አርሊንግተን ለቅሶ ደረስን፤ ሟቹ ካረፉ ስምንት ወራቸው ነው፣ ቢሆንም እትዬ ከበቡሽ አልደረሱማ። እኔ ደግሞ የነቢያት ጾም ላይ ነኝ፤ በየቤቱ «ዶሮ ነው እኮ፣ ምን አለበት» እያሉ ያቀርቡልኛል፣ እኔ ሰላጣ ስቆረጥም እውላለሁ። ባርናባስ ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያርገፈግፋል። እናቱ ግን እቃውን በሁለት እጃቸው ሰጥተው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው፣ የተቀባዩን ፊት ያያሉ። ሰውየው ይስቃል፣ ያሸታል፣ አንዷ እንዲያውም ሚጥሚጣ አሽታ ስታስነጥስ እንባዋ መጣ። እትዬ ከበቡሽም ደብተራቸው ላይ ምልክት አድርገው ይነሣሉ። እስከ ረቡዕ ድረስ እኔ በዘጠኝ ዓመት ከማውቀው ይልቅ ብዙ የዳላስ ሰው አወቁ።

ያስቸገረችን አሥራ ስምንተኛዋ ናት። በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልላ ዙሪያዋን በክር ተሰፍታለች። ላይዋ ላይ በእስክሪብቶ «ለፀጋዬ፣ ዳላስ» ይላል። ስልክ የለም። የአባት ስም የለም።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እትዬ ከበቡሽ?» አልኳቸው። «ዳላስ እኮ እንደ ቀበሌ አይደለችም።»

«እኔስ አላጣሁትም። እማማ ዓለምጌጥ ናቸው፣ ከሰፈራችን ማዶ ያሉ። ልጃቸው ስልኩን ቀይሮ ድምፁን ካሰማ ሁለት ዓመቱ። ሻንጣዬን ዘግቼ ታክሲ ልገባ ስል እየሮጡ መጡ። ‹ዳላስ ከገባሽ መቼም ታገኚዋለሽ› አሉኝ። ምን ልበላቸው? ከተማው ሰፊ ነው ልበላቸው?»

ሐሙስ፣ ያ የእረፍቱ ቀን፣ ካሮልተን አየለ ቤት ሄድን። አየለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ ወሬ የማያመልጠው ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ጊፍቲ የምትባል ልጅ አለችው። ልጅቱ እትዬ ከበቡሽ ፊት ቆማ ጥቅሉን አየችና፣

«አንቺ ፖስታ ነሽ?» አለች።

«አንቱ በይ እንጂ!» ብሎ አየለ ጮኸባት።

«አንቱ ፖስታ ነሽ?»

እትዬ ከበቡሽ ስቀው ሊሞቱ። «አዎ የእኔ እመቤት፣ ፖስታ ነኝ» ብለው ጉንጯን ሳሟት። ከዚያ አሥራ ሰባተኛውን ለአየለ ሰጥተው፣ ፊቱን አይተው፣ ምልክት አድርገው ሲያበቁ የአቡጀዲዋን ነገር አነሡ።

«ፀጋዬ?» አለ አየለ። «እዚህ ስንት ፀጋዬ አለ መሰለዎት? ታክሲው ፀጋዬ አለ። ፓርኪንጉ ፀጋዬ አለ። ከኳየር የተባረረው ፀጋዬ አለ።»

«ይሄ ረጅም ነው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።»

«እሱን አላውቀውም። ግን የሚያውቅ አውቃለሁ» ብሎ ስልኩን አነሣ። አንዱ ወደ ሌላው፣ ሌላው ወደ ሦስተኛው እየመራው ስንወጣም እየደወለ ነበር።

ማታውን እትዬ ከበቡሽ ለአርብ የሚለብሱትን ቀሚስ በእኔ ካውያ ሁለት ጊዜ ተኮሱ። «እነዚያ ፕሮፌሰሮች ሰላም ሲሉኝ ምን ልበል?» ብለው ባርናባስን ጠየቁት። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ተኮማትሮ የነበረው ፊቱ ተፈታ። «ፈገግ በይ ብቻ» አላቸው።

አርብ ጠዋት ሰሌዳውን በላስቲክ ጠቅልሎ በባቡር ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ሪቻርድሰን ቀደመን። ሲወጣ እኔ በር ላይ ቆመ።

«እትዬ ዓለምሸት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ሰው ይቀንሳል። አራት ሰዓት ላይ ያፈርሱታል።»

«ከሁለት ሰዓት ካሳለፍኩ ዓለምሸት አትበለኝ» አልኩት። ያን ቀን ኦፍ ወስጃለሁ፣ ቫኔ ታጥባለች፣ ቤንዚን ሞልታለች። ምን ያቆመኛል?

በአሥራ አንድ ሰዓት አየለ ደወለ።

«ተገኘ! ፎርት ወርዝ በላይ በኩል መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። አንድ ሰዓት ላይ ለምሳ ይወጣል። ግን ነገ ንጋት ላይ ዕቃውን ጭኖ ሚኒሶታ ሊዛወር ነው፤ ዛሬ ካላገኛችሁት ጠፋ በሉት።»

እትዬ ከበቡሽ ተኩሰው የሰቀሉትን ቀሚስ ለብሰው ቆመዋል። እኔን አዩኝ።

«ለአየለ ትተንለት በፖስታ ቢልክለትስ?» አልኩ።

«ለማን ነው የምትነግሪው? ሠላሳ አንድ ዓመት በፖስታ የላኩት እኔ ነኝ።» የተኮሱትን ቀሚሳቸውን ዳበሱ። «ግን የልጄ ነገር ይበልጥብኛል። ሩቅ ከሆነ ይቅር። እንደርሳለን?»

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጥፋት። እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ፎርት ወርዝ ማለት፣ ያውም የላይኛው፣ የት እና የት! ግን ያቺን በክር የተሰፋች ጥቅል ደረታቸው ላይ አቅፈው ሲያዩኝ አሳዘኑኝ። ሰውን ደስ ማሰኘት ስፈልግ ማይሉ ይጠፋብኛል።

«ምን አላት! እዚሁ ናት። ሰጥተነው፣ ፊቱን አይተው፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሪቻርድሰን ነን።»

«ለባርናባስ እንንገረው?»

«ምን ያደርግልናል? ሳያውቀው እንደርሳለን።»

መጋዘኖቹ ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ዓይነት ናቸው። ነጭ፣ መስኮት የሌላቸው፣ እያንዳንዳቸው መርካቶን ሊውጡ የሚችሉ። የሁለቱን ዙሪያ በከንቱ ዞርን። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ሰዓቱ አንድ ከሃያ ሆኗል፤ አንድ ረጅም ሰውዬ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሶ በር ላይ ቆሟል።

«ፀጋዬ?» አሉት እትዬ ከበቡሽ።

«አቤት?»

ጥቅሏን በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። «ከእናትህ።»

«ለእኔ?» አለ። ተቀበለና ጽሑፉን አየው። «ለእኔ ነው?» ዞሮ ከኋላው ሌላ ፀጋዬ ይኖር እንደሆነ አየ። ከዚያ ክሩን በጥርሱ በጠሰው። በሶ ነው፤ በበሶው መሀል ደግሞ በእጅ የተሠራ የሱፍ ካልሲ። ካልሲውን አውጥቶ ከጫማው ጋር ለካው፣ በጣም ትንሽ ነው፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የተሠራ ይመስላል። ሳቅ አመለጠው፣ አፉንም በእጁ ሸፈነ። ከእጁ በላይ ዓይኑ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበር።

እትዬ ከበቡሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው አዩት። እኔ መኪናውን ላስነሣ ስዞር፣

«አሁን ፈርም» አሉት።

«የት ላይ?»

«እናትህ ጆሮ ላይ። ስልክ ስጪው፣ ዓለምሸት።»

የእሱ ስልክ መጋዘኑ ውስጥ፣ ሎከር በሚሉት ሣጥን ተቆልፎበታል። የእኔን ሰጠሁት፤ የስልክ ካርዴንም። ካርዱን ፍቆ ቁጥሩን ማስገባት ብቻውን ሥራ ነው፤ ሁለቴ ተሳሳተ። ከዚያ ቁጥሩን ደውሎ ሳይጠራ በእጁ ይዞ ቆመ።

«እትዬ፣ ሁለት ዓመት እኮ ነው። መጀመሪያ ሥራ ለቅቄ ነበር፣ ሲሻለኝ እደውላለሁ እያልኩ… አሁን ምን ብዬ ልጀምር?»

«‹በሶው ደረሰ› ብለህ ጀምር።»

እዚያ ሌሊት ነው። ስልኩ ያለው ጎረቤት ቤት ነው። ጎረቤቱ ተነሥቶ፣ ተቆጥቶ፣ ማን እንደሆነ ሲሰማ ቁጣውን ትቶ፣ እማማ ዓለምጌጥን ሊቀሰቅስ ሄደ። እኛ ቆመን ጠበቅን። ስልኩ በዚህ መሀል ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ሌላ ሰው እየደወለ ነው። ፀጋዬ ከጆሮው አንሥቶ አየው፤ እኔ ማን እንደሆነ ሳላየው አውቄዋለሁ። አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ነበር። ካነሣንለት የአዲስ አበባው መስመር ይቆረጥ ይሆናል። በእጄ «ተወው» አልኩት። በዚያች ቅጽበት ከወዲያ ማዶ ትንሽ፣ ስለታም፣ የአሮጊት ድምፅ፣ «ማነው?» ሲል እኔ ድረስ ተሰማ።

«እማዬ» አለ ረጅሙ ሰውዬ። «በሶው ደረሰ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አላዳመጥኩም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰዓቴን ብቻ ነው ያየሁት። ጢጥታው ሁለቴ መጣ፣ ሄደ። ሲጨርስ ሁለት ሰዓት አልፏል። ስልኬን ስቀበለው ባትሪው አልቆ ጠፍቷል።

ፀጋዬ ሁለታችንንም ሊለቀን ነው? «ግቡ፣ ምሳ አለኝ፣ እንካፈላለን፣ በሞቴ!»

«አይሆንም ልጄ» አሉ እትዬ ከበቡሽ። «ዛሬ የሚጠብቀኝ አለ።»

በአምስት ቀን ውስጥ ከሰው ቤት ምግብ እምቢ ሲሉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

635 የሚባለውን መንገድ አርብ ከሰዓት የማያውቅ ሰው ትዕግሥት አለኝ ብሎ አይመካ። አንድ የጭነት መኪና ተጋድሟል። ከፊታችን እስከ ሰማይ ጥግ ቀይ መብራት ብቻ ነው። ሁለት ተኩል ሆነ። ሦስት ሆነ። እትዬ ከበቡሽ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል። እኔ ዝምታ አልችልም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «‹እዚሁ ናት› ያልኩት እኔ ነኝ። ፎርት ወርዝ እዚሁ ሆና አታውቅም።»

«አንቺማ ደግ ነሽ። ደግ ሰው መንገድ አይጠየቅም። ጠያቂዋ ናት የምትወቀሰው።» በመስኮት እያዩ ጨመሩ። «የሰው ልጅ ስፈልግ ከራሴ ልጅ ጠፋሁ።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናዎቹ ትንሽ ተንፏቀቁ። አራት ሰዓት ላይ ገና ሪቻርድሰን መግቢያ ነን። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ስደርስ አራት ከሩብ ሆኗል። ክልክል ይሁን ፍቁድ ሳላይ ፓርክ አደረግኩ።

የአዳራሹ በር ላይ አንዲት ሠራተኛ ቁልፍ እያዞረች ነው፤ ከኋላዋ የታጠፉ ጠረጴዛዎች ይታያሉ። ባርናባስ ደረጃው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ክራቫት አድርጓል፤ ክራቫት እንዳለው አላውቅም ነበር። ሰሌዳው በላስቲክ ተጠቅልሎ ጉልበቱ መሀል ቆሟል። ቢቆጣን ይሻለኝ ነበር፤ ልጁ ፈገግ አለ።

«ኦኬ ነው» አለ። «ምንም አይደል። ጥሩ ነበር፤ ፕሮፌሰሮቹ ወደውታል። ደህና ናችሁ? ፈርቼ ነበር እኮ፣ አክሲደንት መስሎኝ። በቃ እንሂድ።»

«አሳየኝ» አሉ እናቱ።

«አልቋል፣ እማዬ። ዘግተውታል።»

«ለነሱ አልቋል። ለእኔ መች ተጀመረ?»

«እማዬ፣ እባክሽ። ለይምሰል መሆን የለበትም።» ሰሌዳውን ወደ ራሱ ሳበው። «የት ነበራችሁ?»

ነገሩት። ምንም አልሸፋፈኑም፤ ልጁን አገኘነው፣ እናቱን አነጋገረ፣ ዘገየን፣ አንተን አስቀየምኩህ፣ አሉት። «ፈርጄ ነው የሄድኩት፤ ፍርዴ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሥራህን ግን ሳላይ ከዚህ ግቢ አልወጣም። ብትፈልግ እዚሁ አድራለሁ።»

ባርናባስ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሰማይ ሰማይ አየሁ።

የቫኔን የኋላ በር ከፍተን እትዬ ከበቡሽን ጠርዙ ላይ አስቀመጥናቸው። የዲሴምበር ንፋስ ነው፤ ሰሌዳው ገና ከላስቲኩ ሲወጣ ሊበር ፈለገ። የሚያቆመው እግር አዳራሹ ውስጥ ተቆልፎበታል። ስለዚህ እግሩ እኔ ሆንኩ፤ ከላይ በአንድ እጅ፣ ከታች በሌላው፣ አገጬን ጠርዙ ላይ አድርጌ ያዝኩት።

ልጁ እንዳኮረፈ ጀመረ። «ይሄ ሙቀት ያሸታል። ይሄ መልእክት ይልካል። ነርሷ ታያለች። በቃ።»

እናቱ መነጽራቸውን አደረጉ። «ቀስ በል እንጂ። ሙቀቱን የሚያሸተው የቱ ነው?»

በጣቱ ነካው።

«ስጠኝ ልያዘው።» ሣጥኗን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አገላበጧት። «ይሄ ክር ነገርስ?»

«ፍሪጁ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ከስምንት ዲግሪ ካለፈ…» ብሎ ትንሽ ጠጋ አለ።

«ክትባቱ ይሞታል።»

«አዎ! ቢሰጥም አይሠራም። ማንም አያውቅም፣ መልኩ ያው ነው።»

«እና ይሄ ለነርሷ ይነግራታል። በስልኳ።»

«በስልኳ።»

እትዬ ከበቡሽ ሣጥኗን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ክሩን በጣታቸው ጠቀለሉ። የገባቸው አልመሰለኝም። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ፍሪጁ የሚሞቀው መቼ ነው?»

«ብዙ ጊዜ መብራት ሲጠፋ።»

«መብራት ሲጠፋ ይሄ በምን ይሠራል?»

«ባትሪ አለው» አለ ባርናባስ ፈጠን ብሎ። «እሱን አስበናል።»

«መልእክቱስ በምን ይሄዳል?»

«በኔትዎርክ።»

«እንግዲያ እኔ አልገባኝም» አሉ። «እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ኔትዎርኩም አብሮ ይጠፋል። አክስትህ ያለችበት ገጠር ከሆነማ እስኪነጋ አይመጣም። ፍሪጁ የሚሞቀው መብራት ሲጠፋ፣ መልእክቱ የማይሄደውም መብራት ሲጠፋ። ነርሷ በምን ታውቃለች?»

ከሰሌዳው በላይ አንገቴን አውጥቼ ልጁን አየሁት። አፉ ተከፍቷል። ንፋሱ ክራቫቱን አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣለበት፣ አላወረደውም።

«አበላሸሁብህ?» አሉ እናቱ ደንግጠው።

«ሦስት ፕሮፌሰር» አለ ባርናባስ። «ሁለት ከካምፓኒ የመጡ ኢንጂነሮች። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሜ፣ ‹ባትሪው ምን ያህል ይቆያል፣ ዋጋው ስንት ነው› አሉኝ። ይሄን ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም! እዚያው አድጌ!»

ሳቀ። ሳምንቱን ሙሉ ያልሰማሁት ሳቅ ነው፣ ከሆዱ። እትዬ ከበቡሽ ግን አልሳቁም፤ እያሰቡ ነው።

«ደወል ቢኖረውስ?» አሉ።

«ምን ዓይነት ደወል?»

«የሚጮህ ነዋ። ክሊኒኩ ዘበኛ አለው አይደል? ዘበኛ የሌለው ክሊኒክ የለም። ሲጮህ ዘበኛው ይሰማል፣ ነርሷ ቤት ሄዶ በር ያንኳኳል። ለዘበኛ ኔትዎርክ አያስፈልገውም።»

«ዘበኛው ቢተኛስ?» አልኩ እኔ፣ የሰሌዳ እግር ብሆንም አፍ አለኝ።

«በደንብ ይጩሃ!»

ባርናባስ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ወረቀት የለውም። በዚያ ስንት ቀን በደከመበት፣ በሚያብረቀርቀው ሰሌዳ ላይ፣ ባዶ ጥግ ፈልጎ መጻፍ ጀመረ። ሲጽፍ እኔንም እየገፋኝ ነው።

«ስንት ዘበኛ ነው በአንድ ክሊኒክ የሚኖረው?»

«አንድ። ሌሊት አንድ፣ ቀን አንድ።»

«ግቢው ምን ያህል ይሰፋል? ድምፁ ከየት እስከ የት መድረስ አለበት?»

«እሱን እንግዲህ አንተ ንገረኝ፣ የተማርከው አንተ ነህ» አሉት። ከዚያ ቀሚሳቸውን አስተካክለው በደንብ ተቀመጡ። «በል አሁን ከመጀመሪያው ጀምረህ አስረዳኝ። ቅድም አኩርፈህ ስለነበር ግማሹን ውጠኸዋል።»

ባርናባስ ተነሥቶ ክራቫቱን ከትከሻው አወረደ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ደግሞ እጄ ደንዝዞ ነበርና የላይኛውን ከታች፣ የታችኛውን ከላይ አድርጌ ሰሌዳውን ያዝኩት።